የመኪና መሪ ሲጮኽ ምን ይነግረናል?

ሰው ሲታመም ሕመሙን በአንደበቱ ይናገራል፤ ቃል የሌለው ሕፃን እንኳ በልቅሶው ያስታውቃል። ከብትም ሲታመም ከመኖው ይርቃል፥ ጆሮውን ይጥላል፤ ባለቤቱም አይቶ ያውቅለታል። መኪና ግን ነፍስ የሌለው ብረት ስለ ሆነ ችግሩን የሚገልጽበት መንገድ ጥቂት ነው። ከእነዚህም አንዱና ዋነኛው ድምፅ ነው። ነጂው መሪውን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሲያዞር የሚሰማው እንግዳ ድምፅ፥ ሲጢጥ የሚል ቢሆን፥ ቋ የሚል ቢሆን፥ ወይም የሚያጉረመርም ቢሆን፥ በፊት ጎማዎች አካባቢ የላላ፥ የደረቀ ወይም የተበላ ነገር መኖሩን የሚያስታውቅ መልእክት ነው። ይህን መልእክት በጊዜው የተረዳ ሰው በጥቂት ወጪ ይገላገላል። ሰምቶ እንዳልሰማ የሆነ ግን ዕዳው ከገንዘብ አልፎ በውስጡ የተቀመጡትን ሰዎች ሕይወት ሊነካ ይችላል።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለመኪና መሪም ይሠራል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ፥ መሪ ሲዞር የሚሰሙት ድምፆች ምን ምን እንደ ሆኑ፥ ከምን እንደሚመጡ፥ እንዴት እንደሚመረመሩና እንዴት እንደሚጠገኑ ቤተ ሰብ ሁሉ ሊረዳው በሚችል ቋንቋ እንገልጻለን። ምሳሌያችንን ከወረታ ከተማና ከፎገራ ሜዳ እንወስዳለን፤ የመኪናን የፊት እግር የሚፈትኑት አፈር፥ ውሃ፥ ጭነትና ዳገት በአንድ አካባቢ ተሰብስበው የሚገኙት በዚያ ነውና።

ፎገራ ሜዳ መኪናን እንዴት ይፈትናል?

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፥ ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የመንገዶች መገናኛ ከተማ ናት። ወደ ደቡብ የሚሄደው መንገድ የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ በሐሙሲት በኩል ወደ ባሕር ዳር ይደርሳል። ወደ ሰሜን የሚሄደው ደግሞ የርብን ወንዝ ተሻግሮ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር ይዘልቃል። ወደ ምሥራቅ የሚገነጠለው በአለም በር አድርጎ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል፤ ከዚያም በጋሸና በኩል እስከ ወልድያ ይደርሳል።

ሜዳው ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ፥ ጉማራና ርብ ከደጋው ጠርገው ባመጡት ደለል የተሞላ ነው። አፈሩ በአብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። የዋልካ አፈር ጠባይ እንደሚታወቀው ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ ይኮማተራል፥ ይሰነጠቃልም። በላዩ የተሠራ መንገድም ከሥሩ ያለው አፈር በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ሲል አብሮት ይጎብጣል፥ ይሰነጠቃል። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደየቀበሌው የሚገባው መንገድ ደግሞ በክረምት ጭቃ ነው፤ በበጋ እንደ ድንጋይ የደረቀ የጎማ ፋና ነው። መኪናው በዚህ ላይ በሄደ ቍጥር እያንዳንዱ ጕድጓድ የፊት ጎማውን ይመታዋል፤ ምቱም በጎማው አልፎ የመሪውን መገጣጠሚያዎች ይደርሳል።

በዚህ ላይ ውሃው አለ። ጉማራና ርብ በክረምት ሲሞሉ ከዳራቸው ወጥተው ሜዳውን ያለብሳሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ላይ በጣና ዙሪያ የደረሰው ጎርፍ በፎገራ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ማፈናቀሉን የአካባቢው ሰው አይረሳውም። እንዲያ ያለ ጎርፍ በየዓመቱ ባይደርስም፥ ከሐይቁ አጠገብ እንደ ናበጋና እንደ ዋገጠራ ወዳሉ ቀበሌዎች የሚሄድ መኪና በክረምት ወራት ጎማው በውሃ ተሸፍኖ ማለፉ እንግዳ ነገር አይደለም።

ጭነትም አለ። ፎገራ የሩዝ አገር ናት። ሩዙ ታጭዶ ከተወቃ በኋላ አይሱዙዎች እህሉን ከሜዳው ወደ ወረታ የሩዝ መፈልፈያዎች፥ ከዚያም ወደ ሩቅ ገበያ ያመላልሳሉ። የሕዝብ ማመላለሻዎቹ ሚኒባሶችም በገበያ ቀንና በክብረ በዓል ጊዜ ሞልተው ይጓዛሉ። በመጨረሻም ዳገቱ አለ። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ሲሆን ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። ከ40 ኪሎ ሜትር በጥቂት በሚበልጥ ጉዞ ውስጥ መኪናው 900 ሜትር ያህል ይወጣል ማለት ነው። በሜዳው ጭቃ የተጎዳ መሪ በዳገቱ መታጠፊያ ላይ ይፈተናል። በሜዳ ላይ ቢያጠፋ መኪናውን ወደ ሩዝ ማሳ የሚያስገባ ጕዳት፥ በገደል አፋፍ ላይ ግን ምን እንደሚያስከትል መናገር አያስፈልግም።

መሪ እንዴት ይሠራል?

ድምፁን ለመረዳት የአካሉን አሠራር በጥቂቱ ማወቅ ይገባል። መኪና ሲታጠፍ በውስጥ በኩል ያለው ጎማ አጭር ክብ፥ በውጭ በኩል ያለው ጎማ ደግሞ ረጅም ክብ ይዞራል። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ቢታጠፉ አንዱ መሬቱን እየፋቀ ይጎተት ነበር። ይህን ችግር የሚያቃልለውን ዘዴ የፈለሰፈው በሙኒክ ከተማ ይኖር የነበረ ጌኦርግ ላንከንስፐርገር የተባለ የሠረገላ ሠሪ ነው። ወኪሉ ሩዶልፍ አከርማን እ.ኤ.አ. በ1818 በለንደን የፈጠራ መብቱን ስላስመዘገበ ዘዴው እስከ ዛሬ በአከርማን ስም ይጠራል። መኪና ገና ሳይሠራ ለፈረስ ሠረገላ የታሰበው ይህ ዘዴ ዛሬም በመኪኖቻችን ሥር ይገኛል።

ነጂው የሚይዘው ክብ መሪ በአንድ ዘንግ አማካይነት ወደ መሪው ሳጥን ይወርዳል። ሳጥኑ የእጁን ዙር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ግፊት ይለውጠዋል። ግፊቱ በቀጫጭን የብረት ዘንጎች ወደ ሁለቱ ጎማዎች ይደርሳል። በእነዚህ ዘንጎች ጫፍ ላይ መካኒኮቻችን ቴስቲኒ የሚሏቸው መገጣጠሚያዎች አሉ። ቴስቲኒ ማለት የሰው ጭን አጥንት በዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ እንደሚዞር፥ ክብ ራስ ያለው ብረት በጎድጓዳ ቤት ውስጥ እንዲዞር ሆኖ የተሠራ ነው። ውስጡ ግራሶ አለው፤ በላዩም ጭቃና ውሃ እንዳይገባ የላስቲክ ሽፋን ለብሷል።

ቴስቲኒ፥ ኩሽኔታ፥ ጎሚኒ፥ ቺንጋ፥ ግራሶ የሚሉትን ቃላት የሰማ አንባቢ ቋንቋው ከወዴት እንደ መጣ ይጠይቅ ይሆናል። እነዚህ ቃላት ጣልያንኛ ናቸው፤ በጋራዦቻችን የቀሩትም ከጣልያኖች ጋራ በነበረው ግንኙነት፥ በተለይም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ከገቡት መኪኖችና የጥገና ሥራ ጋራ ነው። የቤተ ሰብ ሰው ስማቸውን ማወቁ ይጠቅመዋል፤ መካኒኩ የሚለውን የማይረዳ ባለንብረት የሚከፍልበትን ነገር አያውቅምና።

ቀድሞ መሪ የሚዞረው በነጂው ክንድ ኀይል ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ክራይስለር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ ያለው የቤት አውቶሞቢል ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ዘዴው እየተስፋፋ ሄዶ ዛሬ በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ አንድ ዐይነት ረዳት ኀይል ይገኛል። በዘይት በሚሠራው ዐይነት ሞተሩ በቺንጋ አማካይነት የመሪውን ፖምፓ ያዞራል፤ ፖምፓው ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱም የነጂውን ክንድ ያግዛል። እንግዲህ ቺንጋ፥ ፖምፓ፥ ዘይት፥ ሳጥን፥ ዘንግ፥ ቴስቲኒና ኩሽኔታ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ አላቸው ማለት ነው።

አራቱ ጥያቄዎች

ብልህ ሐኪም መድኀኒት ከማዘዙ በፊት በሽተኛውን እንደሚጠይቅ፥ ጠንቃቃ መካኒክም ቁልፍ ከማንሣቱ በፊት ነጂውን ይጠይቃል።

«ጋሼ፥ ድምፁ የሚሰማዎት ቆመው ሲያዞሩ ነው ወይስ እየሄዱ?»

«እየሄድሁ ነው ልጄ፤ ቆሜ ሳዞር ምንም የለም።»

«ወደ ግራ ሲታጠፉ ነው ወይስ ወደ ቀኝ? ጕድጓድ ሲመቱስ ይብሳል?»

እንዲህ ባለ ጥቂት ንግግር የግማሽ ቀን ፍለጋ ይቀራል። ስለዚህ ነጂው ወደ ጋራዥ ከመሄዱ በፊት አራት ነገሮችን አስተውሎ ቢይዝ መልካም ነው። አንደኛ፥ ድምፁ የሚመጣው መኪናው ቆሞ መሪ ሲዞር ነው ወይስ በጉዞ ላይ? ሁለተኛ፥ ወደ የትኛው ወገን ሲታጠፍ ይጨምራል? ሦስተኛ፥ ከመንገዱ ኮረኮንችነት፥ ከፍጥነቱ ወይስ ከሞተሩ ዙር ጋራ ይለዋወጣል? አራተኛ፥ የጀመረው መቼ ነው፤ ውሃ ከተሻገረ በኋላ ነው፥ ጎማ ከተለወጠ በኋላ ነው፥ ወይስ ከባድ ጕድጓድ ከመታ በኋላ? ድምፁን ከነጂው ይልቅ ብዙ ጊዜ አጥርቶ የሚሰማው ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ስለ ሆነ፥ በዚህ ነገር ባለቤትም ልጆችም ሊረዱ ይችላሉ። ሬዲዮኑን መዝጋትና መስኮቱን ዝቅ ማድረግ የምርመራው መጀመሪያ ነው።

የድምፆቹ ዐይነትና ትርጕማቸው

1ኛ፤ ሲጢጥ የሚል ድምፅ። በተለይ በጧት ሞተሩ እንደ ተነሣ፥ ወይም መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር የሚሰማ ስለታም ጩኸት ብዙውን ጊዜ የቺንጋ ነው። ቺንጋው ላልቶ፥ አርጅቶ ወይም ዘይት ነክቶት ስለሚንሸራተት ይጮኻል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲታይ የተሰነጠቀ፥ ወይም ፊቱ እንደ መስተዋት ያንጸባረቀ ከሆነ ይለወጣል፤ የላላ ብቻ ከሆነ ይወጠራል። አንዳንዶች ጩኸቱን ለማጥፋት ሳሙና ወይም ዘይት ይቀቡታል። ይህ ድምፁን ለጥቂት ጊዜ ከማፈን በቀር አንዳች አይጠቅምም፤ ቺንጋውንም ያበላሸዋል።

2ኛ፤ የሚያቃስት ወይም የሚያጉረመርም ድምፅ። መሪው በዝግታ ሲዞር ከሞተሩ በኩል የሚሰማ፥ ሞተሩ ሲጨምር አብሮ የሚጨምር ማቃሰት የፖምፓው ነው። ዋናው ምክንያት የመሪው ዘይት መጕደሉ ወይም አየር መግባቱ ነው። የዘይቱን ማጠራቀሚያ ከፍተን ዘይቱ ከዝቅተኛው ምልክት በታች ወርዶ፥ ወይም አረፋ ይዞ ካገኘነው ምክንያቱን አገኘን ማለት ነው። ሆኖም ዘይት በራሱ አይጠፋም፤ የፈሰሰበትን ቦታ ሳይፈልጉ መጨመር በተቀደደ ስልቻ እህል እንደ መሙላት ነው። የሚጨመረውም ዘይት በክዳኑ ላይ ወይም በመኪናው መጽሐፍ የታዘዘው ዐይነት መሆን አለበት። መሪው መጨረሻው ላይ ሲደርስ የሚሰማ ቀጭን የሹክሹክታ ድምፅ ግን ዘይቱ በማስተንፈሻው ሲያልፍ የሚሰማ ስለ ሆነ ሕመም አይደለም። ይሁን እንጂ መሪውን በዚያ ቦታ ከጥቂት ሰኮንድ በላይ ጨምቆ መያዝ ፖምፓውን ያግላል።

3ኛ፤ ቋ ወይም ጓ የሚል ድምፅ። ይህ ከሁሉ የሚያስፈራው ነው። በኮረኮንች መንገድ ላይ መሪ ሲዞር፥ ወይም ጕድጓድ ሲመታ በእጅ ላይ የሚሰማ ቋቋታ የቴስቲኒ፥ ጎማውን የሚሸከመው የቦል ጆይንት ወይም የጎሚኒ መበላት ምልክት ነው። በፎገራ ይህ ጕዳት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከትንሽ ነገር ነው። የቴስቲኒው የላስቲክ ሽፋን በድንጋይ ይቀደዳል። በቀዳዳው ጭቃ ይገባል። ውሃው ግራሶውን ያጥባል፤ ጭቃው ሲደርቅ ከአሸዋው ጋራ እንደ ሞረድ ሆኖ ብረቱን ይፈገፍገዋል። ክብ ራሱ እያነሰ፥ ቤቱ እየሰፋ ይሄዳል። መጀመሪያ ትንሽ ኮሽታ ይሰማል፤ ቀጥሎ መሪው ክፍተት ያበጃል፥ ማለት ጎማው ሳይታጠፍ መሪው ወዲያና ወዲህ ይላል። በመጨረሻም ክብ ራሱ ከቤቱ ይወጣል። ያን ጊዜ ጎማው ከመሪው ትእዛዝ ውጭ ይሆናል፤ ነጂው ወደ ቀኝ ቢያዞርም ጎማው ወደ ግራ ሊሄድ ይችላል።

4ኛ፤ ተከታታይ ቀ፥ ቀ፥ ቀ የሚል ድምፅ። እንደ ቪትስና እንደ ያሪስ ባሉ፥ ሞተሩ የፊት ጎማዎችን በሚያሽከረክርባቸው ትንንሽ አውቶሞቢሎች፥ አጥብቆ ታጥፎ ነዳጅ ሲሰጥ ይህ ድምፅ ከተሰማ የሚጠረጠረው ሲቪ ጆይንት የሚባለው የፊት አክስል መገጣጠሚያ ነው። ብዙ ጊዜ ወደ ግራ ሲታጠፍ የሚብስ ከሆነ የቀኙ፥ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የሚብስ ከሆነ የግራው ነው። ይህም መገጣጠሚያ የላስቲክ ሽፋን አለው። ሽፋኑ እንደ ተቀደደ ወዲያው ቢለወጥና ውስጡ ታጥቦ አዲስ ግራሶ ቢሞላ ይተርፋል፤ ድምፅ ካሰማ በኋላ ግን የሚሻለው መለወጥ ነው።

5ኛ፤ እንደ ንብ የሚያምም ድምፅ። በፍጥነት ሲሄዱ የሚሰማ፥ መኪናው ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል የሚጨምር፥ ወደ ሌላው ሲያዘነብል የሚቀንስ እምምታ የጎማ ኩሽኔታ ነው። ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ በቀኙ ጎማ ላይ ስለሚያርፍ ያን ጊዜ የሚብስ ከሆነ የሚጠረጠረው የቀኙ ኩሽኔታ ነው። ጎርፍ ተሻግሮ የመጣ መኪና ይህን ሕመም ይዞ ይመጣል። ምክንያቱም በጉዞ የጋለው የጎማ እምብርት በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም ውሃውን በማሸጊያው በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። ተከፍቶ ሲታይ ግራሶው እንደ ወተት ነጥቶ ይገኛል።

6ኛ፤ የመፋቅና የመንቋቋት ድምፅ። መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ብቻ የሚሰማ ፍቅፍቅታ ጎማው ፓራፋንጎውን ሲነካ ነው። ከታዘዘው መጠን የሰፋ ጎማ ሲገጠም ይህ ይሆናል፤ በፎገራ ግን ብዙ ጊዜ በፓራፋንጎው ውስጥ ተጣብቆ የደረቀ ዋልካ ነው። መድኀኒቱም ውሃና ብሩሽ ብቻ ነው። እንደዚሁም በፍሬን ዲስክና በመከለያው መካከል የገባች ትንሽ ጠጠር መላውን ሰፈር የሚያስደነግጥ ድምፅ ታሰማለች። ስለዚህ ከባድ ጥገና ከማሰብ በፊት መኪናውን ማጠብ ብልህነት ነው።

እንደ አይሱዙ ባሉ ጭነት መኪኖች የፊት ጎማው የሚዞርበት ፔርኖ የሚባል ቋሚ ብረት አለ። ግራሶ ሲያጣ መሪው ይከብዳል፥ ሲዞርም ይንቋቋል። ከውሃ የወጣ አይሱዙ ግራሶውን ሳያድስ ወደ ሥራ መመለሱ የፔርኖውን ዕድሜ ማሳጠር ነው። የባጃጅ ነጂዎችም ፍሬን ሲይዙ ከመሪው ራስ ላይ ቋቋታ ከሰሙ በዚያ ያሉት ኩሽኔታዎች ላልተዋል ወይም ተበልተዋል ማለት ስለ ሆነ ቶሎ ማሳየት ይገባቸዋል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖች እየበዙ ነው። በእነዚህ መሪውን የሚያግዘው የኤሌክትሪክ ሞተር ስለ ሆነ የመሪ ዘይትም ቺንጋም የላቸውም። ቴስቲኒ፥ ቦል ጆይንትና ኩሽኔታ ግን አላቸው። የሞተራቸው ድምፅ ዝቅተኛ ስለ ሆነም የመገጣጠሚያዎቹ ኮሽታ ጎልቶ ይሰማል፤ ይህም ለሚያዳምጥ ሰው ጥቅም ነው።

በደጃፍ ላይ የሚደረግ ምርመራ

ለዚህ ምርመራ ሁለት ሰዎች ይበቃሉ። መጀመሪያ መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቁም፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ የኋላ ጎማዎቹም ታኮ ይደረግላቸው። ሞተሩ ሳይነሣ አንደኛው ሰው መሪውን በትንሹ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዘው፤ ሁለተኛው ከጎን ሆኖ ዘንጎቹንና ቴስቲኒዎቹን ይመልከት። ዘንጉ ሲንቀሳቀስ ጎማው ዘግይቶ የሚከተል ከሆነ በመካከላቸው ያለው መገጣጠሚያ ተበልቷል። የላስቲክ ሽፋኖቹም ተቀደው ወይም ግራሶ ተፍተው እንደ ሆነ በዚያው ይታያል።

ቀጥሎ የፊቱ ጎማ በክሪክ ይነሣ። እዚህ ላይ በፎገራ ላሉ አንባብያን ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። ዋልካ መሬት ላዩ የደረቀ መስሎ ከሥሩ የለዘበ ስለ ሆነ ክሪኩ ቀስ በቀስ ይሰምጣል ወይም ያዘነብላል። ስለዚህ ከክሪኩ ሥር ወፍራምና ሰፊ ጣውላ ይነጠፍ፤ መኪናው ከተነሣም በኋላ ጠንካራ የብረት ድጋፍ ይደረግለት። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ማንም ሰው አይግባ፤ ልጆችም አጠገቡ አይድረሱ።

ጎማው ከተነሣ በኋላ ግራና ቀኙን በሁለት እጅ ይዞ ማወዛወዝ ነው። ክፍተት ካለ ጥርጣሬው በቴስቲኒው ላይ ይሆናል። ከዚያ ላይና ታቹን ይዞ ማወዛወዝ ነው። ክፍተት ካለ ወይ ኩሽኔታው ወይ ቦል ጆይንቱ፥ በጭነት መኪናም ፔርኖው ነው። ሁለቱን ለመለየት ሌላው ሰው የፍሬኑን ፔዳል ይርገጥ። ፍሬን ሲያዝ ክፍተቱ የሚጠፋ ከሆነ የላላው ኩሽኔታው ነው፤ ፍሬን ተይዞም የማይጠፋ ከሆነ ቦል ጆይንቱ ወይም ፔርኖው ነው። በመጨረሻ ጎማውን በእጅ ማሽከርከርና ማዳመጥ ነው፤ ኩሽኔታው ጤነኛ ከሆነ ጸጥ ብሎ ይዞራል፥ ከታመመ እንደ ወፍጮ ይፈጫል።

የቤት ሥራና የጋራዥ ሥራ

መኪናውን ማጠብ፥ የዘይቱን ልክ ማየት፥ የላስቲክ ሽፋኖችን መቃኘትና የጎማን ንፋስ ማስተካከል የማንኛውም ቤተ ሰብ ሥራ ነው። የመሪው ዘይት አየር ከያዘ ደግሞ የለመደ እጅ እንዲህ ያደርጋል። የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነሥተው በድጋፍ ላይ ሳሉ ማጠራቀሚያው ይሞላል። ሞተሩ ሳይነሣ መሪው ከዳር እስከ ዳር በዝግታ ደጋግሞ ይዞራል፤ የጎደለው ዘይትም ይጨመራል። ከዚያ ሞተሩ ተነሥቶ አረፋው እስኪጠፋ ይህንኑ መድገም ነው።

ቴስቲኒ፥ ቦል ጆይንት፥ ኩሽኔታና ፔርኖ መለወጥ ግን የባለሙያ ሥራ ነው። ባለንብረቱም ሦስት ነገር ይጠይቅ። አሮጌው ዕቃ ወጥቶ እንዲያየው፤ ዳዶው እንዳይፈታ የሚያግደው ሹካ መሰል ሽቦ አዲስ እንዲሆን፤ ከሥራው በኋላም የጎማዎቹ አቅጣጫ እንዲስተካከል። ጥሩ መካኒክ አሮጌውን ቴስቲኒ ሲፈታ ስንት ዙር እንደ ወጣ ቆጥሮ አዲሱን በዚያው ልክ ያስገባዋል። ይህ መኪናውን እስከ አላይመንት ቦታ ለማድረስ ይረዳል እንጂ አላይመንቱን አይተካም። አቅጣጫው ያልተስተካከለ ጎማ ቶሎ ይበላል፤ መሪውንም ወደ አንድ ወገን ይስባል።

ዝምታ የሚያስከፍለው ዋጋ

እስከዚህ የተናገርነው ስለ ብረት ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ አደጋ የሚያመጣው የብረቱ መበላት ብቻ ሳይሆን የሰው ዝምታ ነው። መኪናው የአንዱ፥ የሚነዳው ሌላው በሆነ ጊዜ ይህ ይበልጥ ይታያል። ነጂው ድምፁን ይሰማል፤ ነገር ግን «አንተ አበላሸኸው» እንዳይባል ይፈራል። ደፍሮ ቢናገርም ነገሩ እንዲህ ይሆናል።

«እትዬ፥ መሪው ቋ ይላል፤ ቢታይ ይሻላል።»

«ነገ ገበያ ነው፤ እህሉን አድርስና በሳምንቱ እናሳየዋለን።»

በሳምንቱ ደግሞ ሌላ ጭነት ይመጣል። ድምፁን የለመደ ጆሮም ድምፁን መስማት ይተዋል። ባለንብረቷ የቀን ገቢ እንዳይጎድልባት ማሰቧ ስሕተት ነው አንልም፤ ቤት የምታስተዳድረው በዚያ ነውና። ነገር ግን ሒሳቡ በትክክል ይታሰብ። የቴስቲኒ ዋጋና የግማሽ ቀን ሥራ በአንድ ወገን ቢቀመጥ፥ በሌላው ወገን የሚቀመጠው የመኪናው ሙሉ ዋጋ፥ የነጂው እንጀራ፥ የረዳቱ ወጣትነትና የተሳፋሪው ነፍስ ነው። ነጂውም ቤተ ሰብ አለው፤ በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ሕፃን ታቅፋ የተቀመጠችው እናት ስለ ቴስቲኒ የምታውቀው ነገር የለም፥ ያመነችው መሪውን የያዘውን ሰው ነው።

ስለዚህ በየቤቱ አንድ ልማድ ቢቋቋም እንመክራለን። ነጂው እንግዳ ድምፅ በሰማበት ቀን ያለ ፍርሃት ይናገር፤ ባለንብረቱም ስለ ተናገረ ያመስግነው እንጂ አይቈጣው። ከክረምት በፊት የላስቲክ ሽፋኖቹ ሁሉ ይታዩ፤ ከክረምት በኋላ፥ መስከረም ሲጠባ፥ ግራሶው ይታደስ። ጎማው በውሃ ተሸፍኖ ያለፈ መኪና በዚያው ሰሞን ኩሽኔታው ይመርመር። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ዳገት የሚወጣ፥ ወይም ሰው አሳፍሮ ለክብረ በዓል ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ደግሞ በዋዜማው በብርሃን ይመርምር እንጂ ሌሊት በጥድፊያ አይነሣ።

በመንገድ ላይ ሳለ ቋቋታው በድንገት የጨመረ፥ መሪው ክፍተት ያበጀ፥ ወይም በአንድ ጊዜ የከበደ እንደ ሆነ ጉዞው በዚያው መቆም አለበት። ነጂው መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፥ ነዳጁን ለቅቆ፥ ፍሬኑን በዝግታ እየያዘ ወደ ዳር ያውጣ። እስከሚቀጥለው ከተማ ብቻ ልድረስ የሚለው ሐሳብ ብዙዎችን ያሳሳተ ነው። ተሳፋሪዎች በመዘግየታቸው ቢያጉረመርሙ ይታገሣቸው፤ ሁሉም በእግራቸው ወርደው የሚያጉረመርሙ ከሆነ ነጂው ሥራውን በሚገባ ሠርቷል።